ለሪአምፒንግ የሚሆን ርካሽ ኢንተርፌስ የትኛው ነው? ከደሴ የተጠየቀ፣ ከነመልሶቹ

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ከሥሩ የተጻፈው የመልስ ሰንሰለት፣ ክሩ፣ ረዝሟል። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ከላይ ያለውን ሳያነብ ያንኑ ጥያቄ መልሶ ይጠይቃል። ስለዚህ የተባለውን በቅደም ተከተሉ፣ በራሴ አነጋገር እዚህ አስቀምጠዋለሁ። ያልተስማማሁበት ቦታም እናገራለሁ።

መነሻ ጽሑፌ አጭር ነበር። የምኖረው ደሴ፣ ግድግዳው ከጎረቤት ጋር የጋራ በሆነ ቤት ነው። ባለ 15 ዋት ቲዩብ አምፕ (በመስታወት ቱቦ የሚሠራ የጊታር ድምፅ ማጉያ) አለኝ። ቲዩብ አምፕ ድምፁ የሚያምረው ከፍ ሲል ነው፤ ከፍ ሲል ደግሞ ሰፈር ይቀሰቅሳል። እኔ መጫወት የምችለው ማታ፣ ከሥራ በኋላ ነው። ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ማታ ጊታሬን ኢንተርፌሱ (ድምፅ ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባውና መልሶ የሚያወጣው ሳጥን) ላይ በቀጥታ ሰክቼ፣ በሄድፎን እየሰማሁ ንጹሑን ድምፅ ብቻ እቀዳለሁ። ከሰዓት ጎረቤቶቼ ገበያ ሲወጡ ያንን ቅጂ ከላፕቶፑ ወደ አምፑ መልሼ ልኬ፣ የአምፑን ድምፅ በማይክ እቀዳለሁ። ሪአምፒንግ የሚባለው ይኸው ነው። አንዴ አሳምረህ የተጫወትከውን ሳትደግም የአምፑን ጌይን (የሚያጎላበትን መጠን)፣ ድምፅ ለዋጭ ፔዳሉን፣ የማይኩን ቦታ ደስ እስኪልህ ትቀያይራለህ። ጥያቄዬ ለዚህ ሥራ ኪስ የማይጎዳ ኢንተርፌስ የትኛው ነው የሚል ነበር።

1ኛው መልስ የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። በትህትና ሰላም ብሎ፣ አብሽር ብሎ ጀመረ። ምክሩ ፎከስራይት ስካርሌት ቱ አይ ቱ ነበር። ምክንያቱ ደግሞ በቀላሉ ይገኛል፣ ያገለገለም አይጠፋም፣ ቢያስቸግርም የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው የሚል ነው። 2ኛው ተስማማ። 3ኛው እንዲያውም ታናሹ፣ ሶሎ የሚባለው፣ እንደሚበቃኝ ጻፈ። አንድ ጊታር፣ አንድ ማይክ፣ አለቀ።

ነገሩን መስመር ያስያዘው 4ኛው መልስ ነው። ጸሐፊው ሦስቱንም አመስግኖ፣ ሁሉም መግቢያ ሲቆጥር መውጫውን የቆጠረ እንደሌለ አመለከተ። ቱ አይ ቱ ከኋላው ሁለት መውጫ ብቻ ነው ያለው። ሁለቱንም ስፒከር ይይዛቸዋል፤ ሄድፎኑም የሚያሰማው እነሱኑ ነው። ለሪአምፒንግ ግን ንጹሑን ጊታር ብቻ ለአምፑ የሚወስድ፣ ከስፒከሩ የተለየ ሦስተኛ መውጫ ያስፈልጋል። አራት መውጫ ካላቸው መካከል የስካርሌት ፎር አይ ፎርን፣ የሞቱ ኤም 4ን፣ የኦዲየንት አይዲ 14 ሁለተኛ ትውልድን፣ የቤሪንገር ዩኤምሲ 204 ኤችዲንና 404 ኤችዲን ጠራ። እኔ ይህን መልስ ካነበብኩ በኋላ ዕቃ የማይበት ዓይን ተቀየረ። ማስታወቂያው ሁሉ ስለ ማይክ ፕሪአምፕ (የማይኩን ድምፅ ስለሚያጎላው ክፍል) ነው የሚያወራው። የጀርባውን ፎቶ ግን ፈልጎ ማየት ያስፈልጋል።

5ኛው በለሆሳስ አረመው። ባለ ሁለት መውጫ ዕቃ ያለው ሰው ተስፋ አይቁረጥ ነው ሐሳቡ። ንጹሑን ጊታር ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ፣ ሌላውን ሙዚቃ ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ አድርግ። የቀኙን መውጫ ለአምፑ ስጥ፣ ስፒከሩን ዝጋ። በሄድፎን ስትሰማ ቀኝ ጆሮህ ላይ ደረቁ ጊታር፣ ግራው ላይ ሌላው ይሆናል። ለመስማት አይመችም፤ ሥራው ግን ይሠራል። ልክ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ይህ ለሆነ ሰው ሌላ መግዛት አያስፈልገውም። ዛሬ ገንዘቡን ይዞ ሊገዛ የሚወጣ ሰው ግን አራት መውጫ ይግዛ ባይ ነኝ።

ከ6ኛው እስከ 8ኛው የዋጋ ጉዳይ ነበር። አንዱ የጠራውን ዋጋ ሌላው ያፈርሰዋል። የውጭ ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የትናንት ዋጋ ለዛሬ አይሆንም፤ ስለዚህ ቁጥሮቹን ትቻቸዋለሁ። ከዚያ ውስጥ የሚጠቅመው 8ኛው ስለ ያገለገለ ዕቃ የጻፈው ነው። ሰክተህ ሳትሞክር አትክፈል። የዩኤስቢውን ገመድ ቀስ አድርገህ አወዛውዘው፤ ከተቋረጠ ተወው። ማዞሪያዎቹን ሁሉ እየሰማህ አዙራቸው፤ የሚንኮሻኮሽ ካለ ዋጋ አስቀንስ። እያንዳንዱን መውጫ ለየብቻ ሞክር፤ ለሪአምፒንግ የምትፈልገው 3ኛው መውጫ ሞቶ ከሆነ ሻጩም ላያውቀው ይችላል። በመጨረሻም ለያዝከው ዊንዶውስ የሚሆን ድራይቨር መኖሩን ከአምራቹ ገጽ አረጋግጥ።

9ኛውን መልስ የጻፈችው አንዲት የወልድያ ልጅ ናት። ከክሩ ሁሉ አብልጬ የያዝኩት የሷን ነው። ማንም ስለ መብራት አልተናገረም ብላ ጀመረች። 404 ኤችዲ ኮረንቲ የሚወስደው ከግድግዳ፣ በራሱ አዳፕተር ነው። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ይቆያል፤ ኢንተርፌሱ ግን ድርግም ይላል፤ የተጀመረው ቅጂም አብሮ ይሄዳል። 204 ኤችዲ፣ ፎር አይ ፎር፣ ኤም 4 እና አይዲ 14 ግን ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ይመገባሉ። አንዳንዶቹ ጠንከር ያለ የዩኤስቢ ቀዳዳ ይፈልጋሉ፤ አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው ይህን ያጣራ። ከዚያ እኔ ያላሰብኩትን ጨመረች። ሪአምፒንግ ራሱ መብራት ለሚጠፋበት ቤት የሚስማማ አሠራር ነው። በጨለማው በባትሪ ጊታሩን ትቀዳለህ፤ አምፑ የሚፈለገው ነገ፣ መብራቱ ሲመጣ ነው። እኔ ሪአምፒንግን ለጎረቤት ብዬ ነበር ያሰብኩት። ለካ ለመብራቱም መላ ነው።

10ኛው ከመርሳ ሆኖ የሷን ሐሳብ በገጠመኝ ደገፈ። ሰርግ ላይ የሚጫወቱትን ዘፈን ጊታር ሙሉውን መብራት በሌለበት ምሽት በላፕቶፕ ባትሪ ቀድቶታል። የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጎ፣ ዋይፋይ አጥፍቶ ነው። የተመቸው ደግሞ ዝምታው ነው። የጎረቤት ቴሌቪዥን የለም፣ ፍሪጅ አይጮኽም። በቀጥታ በገመድ ለሚቀዳ ጊታር የክፍሉ ድምፅ ቅጂው ውስጥ አይገባም፤ ለሚጫወተው ሰው ጆሮ ግን ዝምታ ዝምታ ነው።

11ኛው ጠለቅ ያለ ነበር። መውጫ ማግኘት ብቻውን አይበቃም ባይ ነው። ከኢንተርፌሱ የሚወጣው የላይን ድምፅ ነው፤ የስቱዲዮ መለኪያው +4 ዲቢዩ፣ ማለትም 1.23 ቮልት ያህል ነው። አምፑ የለመደው ግን ከጊታር ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኮረንቲ ከሚቀይረው ክፍል) የሚመጣውን፣ በአብዛኛው ከዚያ በጣም ያነሰውን ነው። በዚያ ላይ የኢንተርፌሱ መውጫ ኢምፒዳንሱ (ለኮረንቲው ያለው ተቃውሞ) ዝቅተኛ፣ የጊታሩ ደግሞ ከፍተኛ ነው። በመካከል ድምፁን ዝቅ፣ ኢምፒዳንሱን ከፍ የሚያደርግና ግራውንዱን (የመሬት መስመሩን) የሚለይ ሳጥን ይገባል፤ ሪአምፕ ቦክስ የሚባለው። ሳጥኑን በአውሮፓውያኑ 1990ዎቹ ለገበያ ያቀረበው ጆን ኩኒበርቲ የተባለ የድምፅ ባለሙያ ሲሆን፣ በኋላ ራዲያል የተባለው ኩባንያ ወስዶታል።

እዚህ ላይ ነው ድምፁ የጠነከረው። 12ኛው ሳጥኑ የነጋዴ ወሬ ነው ብሎ ተነሳ። እሱ ገመዱን ከኢንተርፌሱ በቀጥታ አምፑ ላይ ሰክቶ ይሠራል፤ ምንም የጎደለው ነገር የለም። 13ኛው ደግሞ ይህን ምክር የሰማ ሰው አምፑን ያቃጥላል ብሎ፣ ያልተማሩትን አታስተምር የሚል ነገር ጨመረበት። ሁለቱ ለጥቂት ጊዜ ተመላለሱ። ያንን እዚህ አልደግመውም።

14ኛው ሁለቱንም አረመ፤ ማረሙም ግሩም ነበር። የኢንተርፌስ መውጫ የአምፕን ጊታር መግቢያ አያቃጥልም። ድምፁን ከታች ጀምረህ ከፍ ካደረግክ በቀጥታ መሰካትም ይሠራል። የሚጎድለው ሌላ ነው፦ ላፕቶፑና አምፑ በግራውንድ ሲያያዙ የሚመጣው ኡምምም የሚል የ50 ሄርዝ ድምፅ፣ እንዲሁም በመካከል ፈዝ የሚባለው ድምፅ ለዋጭ ፔዳል ካለ ጠባዩ መቀየሩ። ፈዝ ከጊታሩ ፒክአፕ ጋር ተናብቦ ነው የሚሠራው፤ ከኢንተርፌስ ሲመጣለት ይሻክራል። የሚያቃጥለው ሌላኛው አቅጣጫ ነው። የአምፑን የስፒከር መውጫ ኢንተርፌሱ ላይ የሰካ ሰው ኢንተርፌሱን ይሰናበት። ቲዩብ አምፕን ስፒከር ሳይሰካ የከፈተም የመውጫ ትራንስፎርመሩን አደጋ ላይ ይጥላል። ይህን ሁለቱን ያልለየ ጀማሪ ብዙ ነው፤ እባካችሁ ለዩት።

15ኛው ለኛ ኪስ የሚሆነውን አመጣ። ውስጡ ትራንስፎርመር ያለው፣ ባትሪም ፋንተምም (በማይክ ገመድ የሚላክ ኮረንቲ) የማይፈልግ ፓሲቭ ዲአይ ቦክስ (ጊታርን ከማይክ መግቢያ ጋር የሚያገናኝ ሳጥን) ገልብጦ መጠቀም ይቻላል። እንደ ቤሪንገር ዲአይ 400 ፒ ያለው ማለት ነው። ከኢንተርፌሱ መውጫ የሚነሳው ገመድ ጫፉ ሴቴ ኤክስኤልአር (ባለ ሦስት እግር የማይክ ሶኬት) ሆኖ የዲአዩ መውጫ ላይ ይሰካል፤ ከዲአዩ መግቢያ ደግሞ ተራ የጊታር ገመድ ወደ አምፑ ይሄዳል። ጥንቃቄ አለው። ትራንስፎርመሩ ሲገለበጥ ቮልቴጁን ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ በሶፍትዌሩ የመውጫው ፌደር (የድምፅ መጠን ማንሸራተቻ) ከሁሉ ታች ይጀመር። አክቲቭ የሆነው፣ ኮረንቲ የሚፈልገው ዲአይ ግን አይገለበጥም፤ ድምፅ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ዲአይ በየሰርግ ባንዱና በየአዳራሹ ስላለ ለአንድ ቀን መዋስ ይቻላል። 16ኛው የአይኬ መልቲሚዲያ አክስ አይ ኦ ሶሎ ለአምፕ ብቻ የተሠራ መውጫ እንዳለው ጠቆመ። ከእሱ ጋር ሳጥን መግዛት አያስፈልግም። ጥሩ ጥቆማ ነው፤ እዚህ አገር ማግኘቱ ነው ችግሩ።

17ኛው መልስ ባይጻፍ እመርጥ ነበር። ኡምታው አልጠፋ ላለ ሰው የአምፑን ስፒና የግራውንድ እግር ቁረጠው ብሎ መከረ። 18ኛው በቁጣ መለሰ። ጥገና የሚሠራ ሰው ነው፤ የተናገረውም ከሥራው ነው። ቲዩብ አምፕ ውስጥ 300 እና 400 ቮልት አለ። ግራውንዱ ተቆርጦ ውስጥ አንድ ነገር ከሣጥኑ ብረት ጋር ከተነካካ፣ ኮረንቲው የሚወጣበት መንገድ የጊታሩ ክር ነው፣ ቀጥሎም የተጫዋቹ እጅ። አምፑ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ቮልቴጅ ይዘው ይቆያሉ። ቁጣው ትንሽ አልፎ ሄዷል፤ ነገሩ ግን የሚያስቆጣ ነው። 17ኛው በ19ኛው ላይ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሌላ ሰውም ያለምንም ወጪ የሚሠራውን መፍትሔ ጨመረለት፦ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀለውና በባትሪ ሞክር። ብዙ ጊዜ ኡምታው እዚያው ያበቃል። ካላበቃ ትራንስፎርመር ያለው ሳጥን ነው መድኃኒቱ።

ከዚያ ወሬው ከመንገድ ወጣ፤ ወሎ ስለሆነ ሌላ ምን ይጠበቃል። 20ኛውን የጻፉት ትልቅ ሰው ናቸው፤ በደርግ ዘመን በኪነት ቡድን ጊታር ተጫውተዋል፤ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። የአምባሰልን ቅኝት በዲስቶርሽን (ሆን ተብሎ በሚሻክር ድምፅ) መጫወት ነውር ነው ሲሉ ጻፉ። 21ኛው ዘመኑ አልፎብዎታል በሚል ስሜት መለሰ፤ አነጋገሩ አልተወደደለትም፤ ሁለት ሰዎችም ገሠጹት። 22ኛው ግን ጋሼ ያሉት በድምፅ ሳይንስም የሚያስኬድ መሆኑን አሳየ። ዲስቶርሽን አብረው የሚመቱ ኖታዎችን እርስ በርስ ያጋጫል፤ ከግጭቱም መጀመሪያ ያልነበሩ ድምፆች ይወልዳል። ዶና ሶል አብረው ሲመቱ የሚወለደው ከእነሱው ጋር ይስማማል። አምባሰል ግን ዶ፣ ሬ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለች ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው። ዶ ገና እየጮኸ ሬ ቤሞል ከተመታ፣ ወይም ሶል ሳይጠፋ ላ ቤሞል ከገባ፣ ዲስቶርሽኑ ውስጥ ይጨማለቃል። ሜጀሩ ትዝታ ይህን ያህል አያስቸግርም።

ከመንገድ ወጣ ያልኩት ወሬ ወደ ጉዳያችን የተመለሰው እዚህ ላይ ነው። እኔ አምባሰል እቀዳለሁ። ዲስቶርሽኑ ምን ያህል መሆን እንዳለበት ማታ፣ በሄድፎን፣ እየተጫወትኩ ልወስን አልችልም። ንጹሑ ቅጂ ካለኝ ግን አምፑ ፊት ቁጭ ብዬ ጌይኑን ቀስ በቀስ እየቀነስኩ ሬ ቤሞሏ ጥርት ብላ የምትሰማበትን ቦታ እፈልጋለሁ። ጋሼም በ23ኛው ላይ እንዲህ ከሆነ ልስማው ብለው ለዘብ አሉ።

24ኛው ይህ ሁሉ ድካም ለምን ሲል ጠየቀ። ኒውራል አምፕ ሞዴለር የሚባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ አምፑን ላፕቶፑ ውስጥ ያስገባልሃል። ንጹሑን ትራክ ይዘህ አምፕ በአምፕ ትቀያይራለህ፤ ሦስተኛ መውጫ የለ፣ ሳጥን የለ፣ ማይክ የለ። አምፕ ለሌለው ሰው እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ለሱ ቱ አይ ቱም ሶሎም ይበቃዋል። 1ኛውና 3ኛው መልስ ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ልክ ናቸው። እኔ ግን አምፑ አለኝ፤ አየር ሲገፋ መስማት እፈልጋለሁ።

25ኛው ስለ ንጹሑ ቅጂ ጥራት ነበር። የኢንተርፌሱ የኢንስትሩመንት ቁልፍ መጫኑን አረጋግጥ። የኢንስትሩመንት መግቢያ 1 ሜጋ ኦም አካባቢ ነው፤ ጊታሩን ላይን መግቢያ ላይ ከሰካኸው ቀጭኑ ድምፅ ታፍኖ ይቀራል፤ በኋላ የትኛውም አምፕ አይመልሰውም። በ24 ቢት ቅዳ፤ ከፍተኛው ምት ከ-12 ዲቢ ብዙም አይለፍ። ቀዩ መብራት አንዴ ከበራ ያ ቅጂ ተበላሽቷል። አምፑ ላይ የሚሰማው መፍረጥረጥ ከአምፑ ይሁን እንጂ ከኢንተርፌሱ አይሁን። የሚላከውን መጠን ለማግኘትም ቀላል መንገድ አለ። መጀመሪያ ጊታሩን በቀጥታ አምፑ ላይ ሰክተህ ተጫወትና በማይኩ ምን ያህል እንደሚገባ እይ። ከዚያ ቅጂውን ላክና ማይኩ ያንኑ እስኪያሳይ ፌደሩን ከፍ አድርግ።

26ኛው ስለ መዘግየት ጻፈ። ከላፕቶፑ ወጥቶ፣ በአምፑና በማይኩ ዞሮ የሚመለሰው ትራክ ከመጀመሪያው ወደ ኋላ ይቀራል። ማይኩ ከስፒከሩ አንድ ሜትር ቢርቅ እንኳ ድምፁ እዚያ ለመድረስ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። መላው ከዘፈኑ በፊት በንጹሑ ትራክ ላይ አንድ አጭር ቀጭ የምትል ድምፅ ማስቀመጥ ነው። ሪአምፕ ሲደረግ እሷም አብራ ትቀዳለች፤ በኋላ ሁለቱን ቀጭታዎች አጉልቶ እያዩ ማስተካከል ነው። የሚቀዳው ትራክ ደግሞ ወደ 3ኛው መውጫ እንዳይሄድ ይጠንቀቁ። ከሄደ አምፑ ራሱን እየሰማ ይጮኻል፤ ጆሮም ስፒከርም ይጎዳል።

እስካሁን ከተባለው ተነስቼ እኔ የመረጥኩት ዩኤምሲ 204 ኤችዲን ነው። ከላፕቶፑ ይመገባል፣ አራት መውጫ አለው። 3 እና 4 የሚወጡት በአርሲኤ (በቴፕና በቴሌቪዥን ጀርባ የሚታየው ትንሹ ክብ ሶኬት) ነው፤ ስለዚህ አንድ ጫፉ አርሲኤ፣ ሌላው ሴቴ ኤክስኤልአር የሆነ ገመድ ማሠራት ያስፈልጋል። ገመዱንና ሁለቱን ጃኮች ይዞ ለሄደ ሰው ሬዲዮ ጠጋኝ በስታኞ ያያይዝለታል። ለሳጥኑ ፓሲቭ ዲአይ እዋሳለሁ። ገንዘብ ያለው ሰው ፎር አይ ፎርን ወይም ኤም 4ን ቢገዛ ገመድ ከማሠራት ይድናል።

27ኛው መልስ ከወልድያዋ ልጅ ነው። እሷ ዘንድ ከእኔ ተለቅ ያለ ቲዩብ አምፕና ጎረቤት የማይሰማው ክፍል አለ። የማንም ሰው ንጹሕ ትራክ ቢላክላት በአምፗ አሳልፋ ልትመልስ ፈቃደኛ ናት። ሦስት ሰው ወዲያው እጁን አወጣ፤ አራተኛው እኔ ነኝ። ያወጣችው ደንብ ይኸው፦ ፋይሉ ሞኖ ዋቭ፣ 24 ቢት፣ 48 ኪሎ ሄርዝ ይሁን፤ ሪቨርብም (ማስተጋቢያ) ኮምፕሬሰርም (ከፍና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርብ) አይኑርበት፤ ቀጭታዋ ከመጀመሪያው ምት በፊት ትቀመጥ፤ የጊታሩ ዓይነትና ቅኝቱ በፋይሉ ስም ላይ ይጻፍ። ኤምፒ3 የላከ ሰው መልስ አይጠብቅ ብላለች።